ከጥቁር ልብስ የወጣ ቀይ

እንዳለች የምትባለው ሴት ወደ ፎቶ ቤቱ የገባችው ሰላምታ ሳትሰጥ ነው። ትልቁን አልበም ከፌስታል አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው፤ መሀሉን ገለጠችና ገጹን በመዳፏ መታ አደረገችው።

«ይኸን ልብስ ማነው ያለበሰኝ?» አለች።

ሌንሳ ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። ፎቶ ቤቱ ያለው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በተደረደሩበት ቅያስ ውስጥ ነው፤ ተቆጥቶ የሚገባ ሰው እዚያ ብርቅ አይደለም። ጉርድ ፎቶዬ ጠቆረ፣ ጆሮዬ ተቆረጠ፣ ይኸ እኔ አይደለሁም ብሎ የሚጣላ ሞልቷል። ይቺ ሴት ግን ከእነዚያ ወገን አልነበረችም። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች፣ ሐዘን ጉንጯን ያጎደጎደው ሴት ናት። አልጮኸችም። ድምፅዋ እንዲያውም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሌንሳን ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

ፎቶው ላይ ያቺው ሴት በልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ በቤተሰብ መሀል ቆማለች። ከግራዋም ከቀኟም ያሉት ሴቶች ጥቁር ለብሰዋል። የሷ ቀሚስ ግን ቀይ ነው። ተቀቅሎ የተላጠ ቀይ ሥር የመሰለ፣ ከሩቅ የሚጠራ ቀይ።

«የምን ዝግጅት ነበር?» ብላ ጠየቀች ሌንሳ።

«የባሌ አርባ።»

ሌንሳ ሌላ ጥያቄ ከመጠየቋ በፊት አልበሙን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሳታይ አትናገርም፤ እናቷ በዚህ አመሏ ስትሰድባት ነው ያደገችው። ቀሚሱን ትታ ዛፎቹን አየች። ቅጠላቸው አረንጓዴ አልነበረም፤ የደረቀ ገለባ መስሏል። አልበሙን ወደ ባንኮኒው መለሰችና ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«በዚያን ቀን የለበስሽው ልብስ የትኛው ነው?»

«ይኸ ነዋ» አለች እንዳለች፣ ደረቷን በሁለት ጣት ቆንጥጣ። «ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሌላ ለብሼ አላውቅም። ከመርካቶ የተገዛ ነው። ነካ አድርጊው፤ እውነት መሆኑን በእጅሽ እዪው።»

ሌንሳ እጅጌውን ነካችው። የሚያንሸራትት፣ ከፋብሪካ ተሰፍቶ የወጣ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ጨርቅ ነበር። ወዲያው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። አሮጌው ካሜራዋ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ግን እሷ በማትጠቅልልበት አኳኋን ማሰሪያው ተጠቅልሏል። በቀን ሲነሣ ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው መስታወት ደግሞ ከነማኅደሩ እዚያው መደርደሪያው ላይ፣ እሷ ባስቀመጠችበት ቦታ፣ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ካሜራው ወጥቷል፤ መስታወቱ አልወጣም።

የዚህ ካሜራ ነገር እንዲህ ነው። ሌንሳ ቀይ ታሳድዳለች። ፊዚክስ ተምራ፣ ጥቂት ጊዜም አስተምራ፣ በኋላ ነው ወደ ፎቶ የዞረችው፤ አምሽታ ከኮንዶሚኒየሟ ጣሪያ ላይ ሆና የመኪኖቹን የኋላ መብራት፣ የሥጋ ቤቶቹን ቀይ አምፖል፣ በረጃጅም ሕንፃዎች ጫፍ ለአውሮፕላን ተብሎ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ታነሣለች። ከእነሱ በላይ ደግሞ ሰማዩን። የአዲስ አበባ ሰማይ በመብራት ታጥቦ ገርጥቷል፤ ከዋክብቱም ከዓመት ዓመት እየሳሱ ሄደዋል። በከዋክብቱ መካከል ግን ዓይን የማያየው የጋዝ ደመና ተዘርግቷል። የሚያበራው በጠለቀ ቀይ ነው፤ ከሌላው ቀለም ሁሉ የከተማው ብርሃን እምብዛም ያልደረሰበትም ያ ቀይ ነው። እሱን ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያግድ መስታወት ሌንሱ ላይ ገጥሞ፣ ካሜራውን አስሮ፣ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ባዶ በሚመስለው ጥቁር መሀል ቀይ ደመና ሲወጣ ያያል።

ይሁንና ካሜራ ሲሠራ፣ ሰው በዓይኑ ከሚያየው እንዳይርቅ፣ ያንን ጠለቅ ያለ ቀይና ከእሱም ወዲያ ያለውን የማይታይ ብርሃን የሚያግድ ስስ መስታወት ከሆዱ ይገባበታል። ሌንሳ ያንን መስታወት አስወልቃለች። ካሜራው ከዚያ ወዲህ ለሰማይ ጥሩ፣ ለሰው ግን መጥፎ ሆነ። በቀን ለመሥራት ምትኩን መስታወት ከፊቱ መግጠም ግድ ነው። ሳይገጠም ከተነሣ ፊት ይቀላል፣ ቅጠል ይገረጣል፤ ጥቁር ልብስም፣ ሁሉም ባይሆን አንዳንዱ፣ ይቀላል። ዓይናችን ጥቁር ነው ብሎ የሚያልፈው የፋብሪካ ጨርቅ ያንን የማናየውን ብርሃን አንጸባርቆ ይመልሰዋልና።

ሌንሳ ይህን ሁሉ ለእንዳለች በአጭሩ አስረዳቻት። እንዳለች እስከ መጨረሻው ሰማች። ደስ ትሰኛለች ብላ ጠብቃ ነበር ሌንሳ፤ ሴትዮዋ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና የደረሰባትን በተራዋ ነገረቻት።

ባሏ ኦልጅራ ጥቂት ሳምንት ታሞ ነው የሞተው። እናቱ እማማ ፋዮ አብነት ይኖራሉ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ከያዙ ከርመዋል። የልጃቸውን አርባ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ማየት ስላልቻሉ፣ በፎቶ ይዩት ተብሎ ፎቶ አንሺ ተጠራ። አልበሙ ደርሶ ሲከፈትላቸው መጀመሪያ ያዩት የምራታቸውን ቀሚስ ነው። ወዲያውም ረገሟት። ልጄን በቀይ የሸኘሽ፣ የልጅሽን ወግ አትዪ አሏት። እንዳለች ጥቁር ነው የለበስሁት ብትል ማን ይስማት። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ ዘመድና ጎረቤት ወሬ ጨመሩበት። ባሏ አፈር ሳይጫነው ሌላ አይታለች፣ ቀዩ የእሱ ስጦታ ነው እስከማለት ደረሱ።

እሷ ጠመንጃ ያዥ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ሥራ ስትውል የሦስት ዓመት ልጇ ሲምቦ አያቷ ዘንድ ትውላለች። ከአልበሙ በኋላ በሩ ተዘጋባት። ማታ ማታ ልጇን የምትቀበለው እንደ ሠራተኛ አጥር ውጭ ቆማ ነው። አሁን ደግሞ የኦልጅራ ታናሽ ወንድም ደጉ፣ የወንድሜ ልጅ በእንዲህ ዓይነት ሴት እጅ አታድግም፣ ከእኛ ጋር ትቅር ብሎ ተነሣ። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል።

«ተናዘዥና ይቅርታ ጠይቂ፣ ልጅቷን እያየሽ ትኖሪያለሽ ነው የሚሉኝ» አለች እንዳለች። «የምናዘዘውን እንኳ ፈልጌ አጣሁት።»

ሌንሳ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ሰላሁን ከምሳ ገባ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ወዛም፣ ተጫዋች፣ ደንበኛ ሁሉ የሚወደው ሰው። ከበሩ በላይ «ካሜራ አይዋሽም» የሚል ጽሑፍ ያስለጠፈው እሱ ነው። አልበሙን ባንኮኒው ላይ ሲያይ ፈገግ አለ፤ የሌንሳን ፊት ሲያይ ፈገግታው ቀዘቀዘ።

ካሜራዬን ወስደህ ነበር ወይ አለችው። አዎን አለ፣ ምንም ሳይመስለው። የእሱ ሁለቱም ካሜራዎች የዚያን ቀን ሠርግ ላይ ነበሩ፤ እሷ ታማ ቀርታለች፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያንቀላፋ ካሜራ እያለ ሥራ ይለፈኝ? ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍታቸው የሰው ሁሉ ፊት ቲማቲም መስሎ አገኘው። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አስተካከለ።

«ያዳንኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ልመሰገን ሲገባኝ።»

«ቀሚሱንስ?»

«ቀሚሱ ቀይ መሰለኝ። ቀይ ከሆነ አይቀር ብዬ ደመቅ አደረግሁት። ደንበኛ የደበዘዘ ቀለም አይወድም።»

«ባሏ የሞተባት ሴት ናት እኮ፤ ፊትህ ቆማ ነበር። በዓይንህ አይተሃታል።»

«እኔ የማየው በካሜራ ነው» አለ ሰላሁን። «ፎቶ አንሺ እንጂ ነፍስ አባቷ ነኝ? ቀሚሷን እየመረመርኩ ነው የማነሣው?»

ሌንሳ ከዚህ ሰው ጋር አራት ዓመት ሠርታለች። ሳቁን ታውቀዋለች፣ ቸርነቱን ታውቀዋለች፤ ያን ቀን ግን ፊቱን መመልከት አቃታት። እጇ ላይ የነበረውን ስቴፕለር እንዳትወረውረው ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሰላሁን መፍትሔ አላጣም። ለእንዳለች ቀሚሱን በኮምፒውተር ጥቁር አድርጌ ሌላ አልበም በነፃ አትምልሻለሁ አላት። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

እንዳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው። «ስትቀባው ደግሞ ደበቀችው ይሉኛል። ቀይ ያልለበስሁትን ቀይ አደረግኸኝ፤ አሁን ሌባ ልታደርገኝ ነው?»

ሌንሳ እሁድ አብረኸን ና አለችው። መስታወቱን ሳልገጥም አነሣሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ብሎ መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሰላሁን መጀመሪያ እሁድ ሠርግ አለብኝ አለ። ሌንሳ ሠርጉን እኔ እሠራዋለሁ ስትለው እውነተኛውን ምክንያት አወጣው።

«ያ ፎቶ ቤት ጥቁሩን ቀይ ያደርጋል ተብሎ አንዴ ከተወራ ማን ሙሽራ ወደዚህ ይመጣል? ነጩ ቬሎ ምን ሆኖ እንደሚወጣ በምን አውቆ? ሽማግሌ እኮ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም። ትንሽ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ይለዝባሉ።»

«ልጇን ሊወስዱባት ነው።»

«አይወስዱም። የሰው ነገር ታካብጃለሽ አንቺ።»

ሌንሳ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች። መስታወቱን በጨርቅ ጠርጋ ከነማኅደሩ ኪሷ ከተተች። የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ከመያዣው ፈልቅቃ ባንኮኒው ላይ ጣለችና ከእንዳለች ጋር ወጣች። ሰላሁን ከኋላዋ ማንን ለማስፈራራት ነው ሲል ሰማችው፤ አልዞረችም።

እስከ እሁድ ባለው ጊዜ ሌንሳ ቤቷ ሆና ስትዘጋጅ ሰነበተች። ያላትን ጥቁር ጨርቅ ሁሉ ሰብስባ፣ የጎረቤትም ተውሳ፣ በመስታወቱና ያለ መስታወቱ አነሣቻቸው። ነገሩ እንደጠበቀችው ወጣ፤ እቤት በቀለም የተነከረው የጥጥ ነጠላ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፣ የፋብሪካው ጨርቅ ቀላ። የኦልጅራ እህትና ዘመዶቹ በፎቶው ላይ የጠቆሩት የለበሱት የተነከረ ጥጥ ስለሆነ ነበር ማለት ነው። ከእንዳለች ተቀብላ ያቆየችውን አልበምም ደጋግማ አየችው። ሁሉን ነገር እንዳየች እርግጠኛ ነበረች።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አብነት ሄዱ። የእማማ ፋዮ ቤት ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ጎን፣ በጠባብ መግቢያ በኩል ነው። አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እግርጌያቸው ልጃቸው ጠጅቱ አለች። ሲምቦ አልጋው ሥር ገብታ በጠርሙስ ክዳን ትጫወታለች። ከሽማግሌዎቹ ዋናው የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረየሱስ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚናገሩ፣ የተረጋጉ ሰው። ደጉ በሩ አጠገብ ተቀምጦ እንዳለች ስትገባ ፊቱን አዞረ። እንዳለች መድረኩን ከመሻገሯ በፊት ቆም አለች። አቶ ገብረየሱስ ግቢ ልጄ ሲሏት ነው የገባችው።

ሌንሳ የመናገር ተራ ሲሰጣት ካሜራውን አሳየች። ያለ ችኮላ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ለሕፃን እንደምታስተምር አስረዳች። ፎቶው የተነሣው በእኔ ካሜራ ነው፣ ለሰማይ የተሠራ ነው፣ መገጠም የነበረበት መስታወት አልተገጠመም አለች። አቶ ገብረየሱስ አገጫቸውን ይዘው ሰሟት።

«ልጄ፣ ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል ነው የኛ ነገር» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ አሁን ዓይናችሁን አትመኑ ነው የምትዪን?»

«ዓይናችሁን እመኑ ነው የምለው፣ አባባ። እናንተ ያላመናችሁት እሱን ነው። ከእናንተ መሀል አርባው ላይ ያልነበረ ማነው? ከእማማ በቀር ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችኋታል።»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ልብ አላልሁም አለ። ሌላው ሰው በዝቶ ነበር አለ። ጠጅቱ ወለሉን ታያለች።

ሌንሳ እንዳለችን መስኮቱ አጠገብ አቁማ በመስታወቱ አንድ፣ ያለ መስታወቱ አንድ ፎቶ አነሣችና የካሜራውን ስክሪን እየዞረች አሳየቻቸው። አንዱ ላይ ጥቁር ነው፤ ሌላው ላይ ቀይ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው የካሜራውን ጀርባ እንደ ጋለ ምጣድ በፍርሃት ነክቶ ወደ ሌላው አሳለፈው። ያን ጊዜ ደጉ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ዘንድሮ እኮ በስልክ የሞተ ሰው ያዘፍናሉ» አለ። «ቁልፍ ተጭና ቀለም ትለውጣለች፣ እናንተ ደግሞ ታዩላታላችሁ! ከፍላት ያመጣቻት ናት። ያነሣው ሰው የት አለ? ለምን እሱ አልመጣም?»

 ያነሣው ሰላሁን በዚያ ሰዓት ሙሽራ እያነሣ ነው። ደጉ እየተናገረ ከሽማግሌዎቹ ፊት ወደ መስኮቱ ሄደ፤ የቀኑ ብርሃን ጀርባው ላይ ወደቀ። ጥቁር ኮት ለብሷል። ትከሻው ላይ ብልጭ የሚል የፋብሪካ ጨርቅ ነው።

ሌንሳ አልበሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ገጹን ገለጠችና ከእንዳለች ላይ ዓይኗን አንሥታ፣ ቀስ እያለች፣ ከመስመሩ ዳር እስከ ዳር ሄደች። ጫፉ ላይ ጃንጥላ ይዞ የቆመ ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ ይኸ ኮት አርባው ላይ የለበስኸው ነው?»

«ቢሆንስ?»

«ነው አይደለም?»

«ነው። ሌላ ሙሉ ልብስ የለኝም።»

«ቀለሙ ምንድነው?»

«ዕውር ነሽ እንዴ? ጥቁር ነዋ።»

ሌንሳ አልበሙን ለእሱ አልሰጠችም፤ ለአቶ ገብረየሱስ ሰጠቻቸው። ጣቷን ከእንዳለች ላይ ሳይሆን ከጃንጥላው ሥር አሳረፈች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ ወደ ብርሃኑ ዞሩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ደጉን አዩ፣ ደግመው ፎቶውን አዩ። የደጉ ኮትና ሱሪ ከእንዳለች ቀሚስ ጋር ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነበር የሚመስለው፤ ያው ቀይ ሥር።

«ደጉ» አሉ አቶ ገብረየሱስ። «አንተንስ ማነው ቀይ የገዛልህ?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ደጉ አልበሙን ነጥቆ አየ። የኮቱን ጫፍ ይዞ እንደ እንግዳ ዕቃ አገላበጠው፤ ከዚያ ተመልሶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ሌንሳ ድል ያደረገች ሰው ሊሰማው የሚገባው ነገር አልተሰማትም። ይኸ አልበም ከቤት ቤት ዞሯል። እድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ሁሉ ላዩ ላይ አጎንብሶ ቀይ ሲፈልግ ከርሟል። ቀዩ እዚያው በወንዱ ትከሻ ላይም ነበር፤ ግን ከወንድ ኮት ላይ ቀይ የሚፈልግ አልተገኘም። እሷስ? ሦስት ጊዜ ሳታይ የማትናገረዋ፣ ጋዝ ከሰማይ የምትለቅመዋ፣ ስንት ጊዜ አይታው አላየችውም? የተናደደችው በእነሱ ብቻ አልነበረም።

አቶ ገብረየሱስ ነገሩ ተፈታ ለማለት ሲዘጋጁ እንዳለች እጇን አነሣች። ሽማግሌዎቹን አላየችም። ጠጅቱን ነው ያየችው።

«ጠጅቱ፣ የአርባው ዕለት ጠዋት ሻሼን ያሰርሽልኝ አንቺ ነሽ። ከኋላ ያልተዘጋውን ቁልፌን የዘጋሽልኝም አንቺ ነሽ። ልብሴ ምን ነበር?»

ጠጅቱ ዓይኗን ወደ እናቷ አዞረች።

«ለእማማ ወደ ቀይ ያደላ ነበር ብለሽ ነግረሻቸዋል። ዛሬ ደግሞ ለእኔ ንገሪኝ።»

«ጥቁር ነበር» አለች ጠጅቱ በመጨረሻ።

«እና ለምን?»

«ፎቶው ላይ ሳየው…» ነጠላዋን በጣቷ ጠቀለለችው። «ዓይኔን ተጠራጠርሁ። ሁሉም ቀይ ነው ሲል፣ እውነትም ቀላ ያለ ነበር መሰለኝ። ወላዲትን፣ እንዳለች፣ ሳስበው ቀልቶ ይመጣብኝ ነበር።»

 ከጎረቤት የብረት መቁረጫው ድምፅ መጣና ቆመ። እማማ ፋዮ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። አሁን እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥተው ወደ እንዳለች ዘረጉ። ዓይናቸው ሞልቷል።

«ነይ ልጄ» አሉ። «ጥፋቱ የፎቶው ነው። ነይ ሳሚኝ።»

አቶ ገብረየሱስ ሊመርቁ ተነሡ። እንደዚህ ያለ ቀን ላይ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፤ የተጣሉት ይሳሳማሉ፣ ምርቃት ይወርዳል፣ አሜን ይባላል፣ የተባለው ሁሉ አልተባለም ይሆናል። ሌንሳም እንዳለች እንድትሄድና እንድትስም ፈልጋ ነበር። ነገሩ አልቆ ወደ ቤቷ መሄድ ፈልጋ ነበር።

እንዳለች ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ፎቶው አልረገመኝም፣ እማማ» አለች። «ፎቶው አጥር ውጭ አላቆመኝም። እርስዎ ቤት ሰባት ዓመት በምራትነት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ኦልጅራን ስንት ሌሊት እንዳስታመምሁት እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ቃል አልጠየቁኝም።»

«ሐዘን ነው ልጄ፣ ሐዘን አሳወረኝ።»

«ሐዘኑ የእኔም ነበር።»

እማማ ፋዮ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። አንዱ ሽማግሌ ተይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ አይረገጥም አለ። እንዳለች አጎንብሳ ከአልጋው ሥር ልጇን ሳበቻት፣ ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን አቧራ አራገፈችላት። ከዚያ ቀና ብላ ተናገረች። ሲምቦ የአያቷ ልጅ ናት፣ አልነጥቅዎትም አለች። ታያቸዋለች፣ ትስማቸዋለች፣ ከአባቷ ወገን ጋር ታድጋለች። ይሁንና ከነገ ጀምሮ ልጅቷ የምትውለው እንዳለች በመረጠችላት ቦታ ነው፤ አያቷ ስትናፍቃቸው ጠጅቱ ትምጣና ትውሰዳት፣ ጠጅቱ ትመልሳት። እርግማኑንም የረገሙት በሰው ፊት ስለሆነ፣ ሲያነሡት በሰው ፊት ይሁን፤ እድርተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት ቀን።

«ያን ዕለት መጥቼ እስምዎታለሁ» አለች። «ዛሬ ግን አልችልም።»

 አቶ ገብረየሱስ ምርቃቱን ጀምረው ነበር፤ ግማሽ ላይ ተዉት። እማማ ፋዮ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ብርድ ልብሱ መለሱት። ደጉ ከበሩ አጠገብ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋቸው።

ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሌንሳ ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ወደ አስፋልቱ ሲቃረቡ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልትላት አሰበች፤ ቃሉ አፏ ላይ ሞኝ መሰላት። ትንሽ ከበድሽባቸው ብላ ነው በምትኩ የጀመረችው። እንዳለች ልጇን ከአንዱ ወገቧ ወደ ሌላው አዛወረችና ቆመች።

«አንቺን እግዜር ይስጥሽ። ሥራሽን ጥለሽ መጥተሻል፣ አልረሳውም» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ መስታወት ባይኖርስ? ደጉ ሌላ ኮት ቢለብስስ?»

ሌንሳ አሰበች። እንደ ልማዷ ጥያቄውን ዞራ ዞራ አየችው።

«ልጅሽን ይወስዱ ነበር» አለች።

«ይወስዱ ነበር» አለች እንዳለች። «እኔ እንዳለሁ፣ አፌ እየተናገረ።»

ታክሲው ሞልቶ መጣ። ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ይጠጋል እያለ ተጣራ። ሌንሳ ግቢ ብላ ገፋ አደረገቻት፤ እንዳለች ግን አልፈልግም፣ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ብቀመጥ እፈነዳለሁ አለች። ሲምቦ እራሴ ልሂድ ብላ ተንፈራገጠችና ከወገቧ ወረደች። ወደ ጠመንጃ ያዥ፣ ወደ እንዳለች ቤት፣ የሚወስደውን መንገድ ያዙ፤ እናትየዋ ከፊት፣ እየፈጠነች፣ ልጅቷ እጇን ይዛ በሩጫ፣ ሌንሳ ካሜራዋን በክንዷ ደግፋ ከኋላቸው።